እጀታውን የሚስበው እጅ

እሁድ ነው፤ የካቲት 11 ቀን 2004 ዓ.ም.። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ቦታው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ስቲቨንስ ፓስ የሚባል የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ላይ መንሸራተቻ፣ ተራራ። ከሲያትል በመኪና 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በረዶ ሲጥል ሰንብቷል። ለስኪ ሰው ከዚህ የተሻለ እሁድ አይገኝም።

16 ሰዎች ተሰባስበው ወጡ። ጀማሪ የለባቸውም። ስኪ እንጀራቸው የሆነ አሉ። ስለ ስኪ የሚጽፉ አሉ። ተራራውን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ የአካባቢው ሰዎችም አሉ። ከስኪ ቦታው ክልል ወጥተው ከካውቦይ ማውንቴን ጀርባ ወዳለው ቁልቁለት ሄዱ። ተነል ክሪክ ይባላል። ከጫፍ እስከ ግርጌ 900 ሜትር ያህል ይወርዳል። እየወረደ ሲሄድ ይጠብና እንደ ቦይ ይሆናል። የአካባቢው የበረዶ ናዳ ትንበያ ማዕከል አደጋው ቀላል እንዳልሆነ አስጠንቅቆ ነበር።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ ናዳው ተነሳ። አራት ሰዎችን ጠርጎ ወሰደ። ሦስቱ ሞቱ። አንዷ ተረፈች። ኤሊስ ሶግስታድ ትባላለች። በ2008 ፍሪራይድ ወርልድ ቱር የሚባለውን የስኪ ውድድር በሴቶች ያሸነፈች ባለሙያ ናት።

ከአራቱ ውስጥ ኤርባግ ያለው የጀርባ ቦርሳ የያዘችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ቀን በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ቦርሳው ሆነ። ቦርሳው አዳናት ተባለ። እውነት ነው። ግን ግማሹ እውነት ነው። ቦርሳው ብቻውን አይነፋም። ማሰሪያው ላይ እጀታ አለ፤ እጀታውን ሰው መሳብ አለበት። እሷ ሳበችው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያች አንዲት ሰከንድ ብዬ ነው። የተራራ ልብስና መከላከያ ዕቃ ሲፈተን ብዙ ነገር ይለካል፤ ጨርቁ፣ ማሰሪያው፣ ሲሊንደሩ፣ ብርድ የመቋቋም አቅሙ። የመጨረሻዋ የሰው እጅ ግን ለረጅም ጊዜ ሳትለካ ቆይታለች።

መጀመሪያ ግን ገዳዩ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም።

እኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ፈረንጅ አገር ደጅ ላይ የሚከመረውንም በአንድ ቃል በረዶ እንላለን። ነገር ግን አመዳይ የሚል ሌላ ቃል አለን። ደጋ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ብርዳም ሌሊት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድረው ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ሲያዩት ያምራል።

ተነል ክሪክ ላይ የሆነው የጀመረው ከአመዳይ ነው። ከአደጋው ቀደም ብሎ ሰማዩ ጥርት ያለባቸው ብርዳም ሌሊቶች ነበሩ። በበረዶው ገጽ ላይ አመዳይ ያዘ። ቅንጣቶቹ ላባ ይመስላሉ፤ ስስ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከዚያ አዲስ በረዶ ወረደና ቀበራቸው። እንግዲህ ላዩ ከባድ፣ ሥሩ ላባ ሆነ ማለት ነው። የላይኛው ከታችኛው ጋር አልተያያዘም። ከላይ ያለ ሰው ግን ይህን አያይም። የሚያየው ለስላሳ፣ ማንም ያልረገጠው ነጭ ቁልቁለት ነው። ስኪ ያደረገ ሰው ክብደቱ ሲያርፍበት ላባው ይሰበራል። በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ስብራቱ ወደ ጎን ይሮጣል። የላይኛው በረዶ እንደ ሰፊ ጣውላ ተሰንጥቆ መንሸራተት ይጀምራል። ትንሽ ወርዶ ይፈራርሳል፤ ከዚያ ናዳ ነው።

የዚህ አካባቢ በረዶ ታሪክም አለው። በ1910 እዚያው ስቲቨንስ ፓስ አጠገብ ዌሊንግተን በምትባል መንደር ናዳ ወርዶ ቆመው የነበሩ ሁለት ባቡሮችን ገደል ከቶ 96 ሰው ገድሏል። እስከ ዛሬ በአሜሪካ ታሪክ ያን ያህል ሰው የገደለ የበረዶ ናዳ የለም።

ወደ ቦርሳው እንምጣ።

ሲያዩት ተራ የጀርባ ቦርሳ ነው። ውስጡ ግን የታጠፈ ፊኛ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ነው፣ ከሩቅ እንዲታይ። ከፊኛው ጋር የተያያዘ የታመቀ ጋዝ ያለበት ሲሊንደር ወይም በባትሪ የሚሠራ ማራገቢያ አለ። በትከሻው ማሰሪያ ላይ እጀታ ተንጠልጥሏል። እጀታውን ስትስቡት ፊኛው በሦስት ወይም በአራት ሰከንድ ይነፋል። አብዛኞቹ ሲነፉ ወደ 150 ሊትር ይይዛሉ። ሙሉው ዕቃ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ይመዝናል። ዋጋው ከብዙ መቶ ዶላር አንስቶ ከሺህ ያልፋል።

ሐሳቡ የመጣው ከላቦራቶሪ አይደለም፤ ከጫካ ነው። ጆሴፍ ሆሄንኤስተር የሚባሉ ጀርመናዊ የደን ጠባቂ ነበሩ። በ1970ዎቹ ያደኑትን አውሬ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ሲሄዱ ናዳ ያዛቸው። እንደሚተረከው ከነሸክማቸው ናዳው ላይ ተንሳፍፈው ቀሩ፤ አልዋጣቸውም። ሌላ ሰው ቢሆን "ፈጣሪ አተረፈኝ" ብሎ ቤቱ ይገባ ነበር። እሳቸው ግን ሸክሙ ነው ያተረፈኝ ብለው ጠረጠሩ። በፊኛና በባዶ ዕቃ እየሞከሩ ሐሳቡን አዳበሩት። በ1980 ፒተር አሻወር የሚባሉ ጀርመናዊ ነጋዴ የፈጠራ መብቱን ገዙ። በ1985 የመጀመሪያው ኤርባግ ሙኒክ ላይ በተካሄደው የስፖርት ዕቃ ትርኢት ላይ ቀረበ።

ለምን ይንሳፈፋል? መልሱ የቆሎ ዕቃ ውስጥ አለ። ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበት ቆሎ በጣሳ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ነቅንቁት። ሽምብራው ላይ ይወጣል። ሱፉ ታች ይዘቅጣል። ሽምብራው ቀሎ አይደለም። ትልቅ ስለሆነ ነው። ሲናወጥ ትንንሾቹ በመሀል ባለው ክፍተት እየሾለኩ ይወርዳሉ፣ ትልቁን ከሥር እየገፉ ያነሱታል። የሚንቀሳቀስ ናዳም እንደዚያው ነው፤ የሚናወጥ የጓል፣ የቅንጣትና የአየር ድብልቅ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 80 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። 150 ሊትር ፊኛ ሲጨመርበት 230 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሰውየው ከሱፍ ወደ ሽምብራ ተለወጠ ማለት ነው።

ይህን ምሳሌ ስታስቡት ድክመቱም አብሮ ይታያችኋል። ጣሳው ካልተናወጠ ሽምብራው አይወጣም። ናዳው ትንሽ ሄዶ ከቆመ ኤርባጉ ሥራውን ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። ወይም ሰውየው ገደል ሥር ቆሞ ሳለ በረዶው ከላይ ቢከመርበት ፊኛው ምንም አይፈይድለትም። ሁለተኛ ናዳ ቢመጣም እንዲሁ ነው።

በተራራ ላይ መፈተን

ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ከተማ ውስጥ የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም አለ። ኤስኤልኤፍ ይባላል። ተመራማሪዎቹ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ከከተማው በላይ ቫይስፍሉዮክ ላይ በ2,662 ሜትር ከፍታ ላቦራቶሪ ነበራቸው። ኤርባጉን በተራራ ላይ የፈተኑት እነሱ ናቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀመሩ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያና በ2010/11 ክረምትም ደገሙት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሰው ቅርጽና ክብደት ያላቸው አሻንጉሊቶች ይዘጋጃሉ። ለናዳ የተመቸ ቁልቁለት ይመረጣል። አሻንጉሊቶቹ እዚያ ይቀመጣሉ፤ ከፊሎቹ ኤርባግ ያደርጋሉ፣ ከፊሎቹ አያደርጉም። ከዚያ ፈንጂ ይፈነዳል። ናዳው ይወርዳል። አቧራው ሲረጋ ተመራማሪዎቹ ወርደው ማን ላይ ቀረ፣ ማን ተቀበረ፣ ምን ያህል ጥልቀት ብለው ይለካሉ።

ስታስቡት ከባድ ፈተና ነው። እንደ መኪና ግጭት ፈተና በአዳራሽ ውስጥ መቶ ጊዜ አይደገምም። ተራራው በአንድ ክረምት የሚሰጣችሁ ዕድል ጥቂት ነው። በረዶው በቂ መሆን አለበት፣ አየሩ መከፈት አለበት፣ ሰው አካባቢው መኖር የለበትም። ፈንጂው ፈንድቶ ናዳው እምቢ ሊልም ይችላል።

ያም ሆኖ ውጤቱ በአብዛኛው አንድ አቅጣጫ ያሳየ ነበር። ኤርባግ ያላቸው አሻንጉሊቶች በብዛት ላይ ቀሩ ወይም ፊኛቸው ታየ። ኤርባግ የሌላቸው በብዛት ተቀበሩ። የደን ጠባቂው ጥርጣሬ ትክክል ነበር።

አሻንጉሊት ግን አይደነግጥም። "ናዳ!" የሚል ጩኸት ሲሰማ አንገቱን አዙሮ ጓደኛውን አይፈልግም። በስኪ ሸሽቼ አመልጣለሁ ብሎ አይወስንም። እጀታውንም አይስብም። በዚህ ፈተና የተመዘነው የተነፋ ኤርባግ ነው። በተራራ ላይ የሚሄደው ደግሞ ያልተነፋ ኤርባግ የተሸከመ ሰው ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። ግን ሰው የሚሞትበት እዚያ ነው።

የቁጥሩ ጠብ

በ2007 ሄርማን ብሩገርና ባልደረቦቻቸው በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ በናዳ የተያዙ 1,504 ሰዎችን መዝገብ አጥንተው አወጡ። ኤርባግ ከሌላቸው 19 በመቶ ያህል ሞተዋል። ኤርባግ ከነፉት የሞቱት 3 በመቶ ያህል ናቸው።

ይህ ቁጥር በገበያው ላይ እንደ እሳት ተዛመተ። ብዙ ሳይቆይ ማስታወቂያዎች "97 በመቶ ይተርፋል" ማለት ጀመሩ። ውሸት አይደለም። 3 በመቶ ከሞተ 97 በመቶ ተርፏል። ነገር ግን በዚያው ጥናት ኤርባግ ከሌላቸውም 81 በመቶው ተርፈዋል። ያንን የሚነግራችሁ ማስታወቂያ የለም። ገዢው 97ን ከዜሮ ጋር ያወዳድራል፤ ማወዳደር የነበረበት ከ81 ጋር ነው። ይህ ነገር እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል። ሰው ነፍሱን አምኖ በሚሸከመው ዕቃ ላይ ግማሽ ቁጥር መስጠት ተገቢ አይደለም።

ሌላም ችግር ነበር። ኤርባግ ያላቸው ሰዎች ቁጥር ያኔ ጥቂት ነበር። በዚያ ላይ የሁለቱ ወገን አደጋ አንድ ዓይነት አልነበረም። ኤርባጉን ነፍቶ በሰላም የወጣ ሰው ታሪኩን ለሁሉም ይናገራል፣ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ኤርባግ ሳይኖረው ትንሽ ናዳ ገፍቶት ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ የሄደ ሰው ግን ማንም አይመዘግበውም። ስለዚህ ከአንዱ ወገን ቀላሉም ከባዱም ይቆጠራል፣ ከሌላው ወገን ከባዱ ብቻ።

በ2014 ይህን ያስተካከለ ጥናት ወጣ። ካናዳ ቫንኩቨር አካባቢ ባለው ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ፓስካል ሔገሊና ባልደረቦቻቸው ናቸው ያወጡት። ከተለያዩ አገሮች መረጃ ሰበሰቡ። ሰውየው በእርግጥም ሊቀበር የሚችልባቸውን ከበድ ያሉ አደጋዎች ብቻ ለዩ። በአንድ ናዳ ውስጥ ኤርባግ ያለውና የሌለው አብረው የተያዙበትን ተመለከቱ። ልክ እንደ ተነል ክሪክ።

ውጤቱ ይህ ነው። ኤርባጋቸው ካልተነፋ 100 ሰዎች 22 ይሞታሉ። ከተነፋላቸው 11 ይሞታሉ። ጭንቅላታቸው ከበረዶ ሥር ሆኖ የሚቀበሩት ደግሞ ከ47 ወደ 20 ይወርዳሉ። ሞቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ከ97ቱ ማስታወቂያ ጋር ሲታይ ያነሰ ይመስላል። ለእኔ ግን ትልቅ ነው። የአንድ ሰው የሞት ዕድልን በግማሽ የሚቀንስ ቦርሳ ተራ ነገር አይደለም።

የዚህ ጥናት ዋናው ነገር ግን ሌላ ቁጥር ነው። ኤርባግ ይዘው በናዳ ከተያዙት ውስጥ 20 በመቶው ኤርባጋቸው አልተነፋም። ከአምስት አንዱ። ምክንያቱ ሲታይ ደግሞ ከእነዚህ ውስጥ 60 በመቶው ላይ ዕቃው አልተበላሸም። ሰውየው ነው እጀታውን ያልሳበው ወይም በደንብ ያልሳበው። የቀሩት የዕቃው ብልሽት፣ የጥገና ጉድለትና በናዳው መቀደድ ናቸው።

በ100 ሰው እናስላው። 20ዎቹ አይነፋላቸውም። ከእነሱ 12ቱ በእጃቸው ምክንያት ነው። ይህ ሲታሰብ የሚሞቱት 11 ሳይሆኑ 13 ይሆናሉ። ሁለት ሰው ትንሽ ይመስላል። ለሁለቱ ቤተሰብ ግን ትንሽ አይደለም።

ለምን አይስቡትም?

እስኪ ራሳችሁን እዚያ አቁሙ። ወፍራም ጓንት አድርጋችኋል። በሁለቱም እጃችሁ የስኪ ዱላ ይዛችኋል፤ የዱላው ማሰሪያ አንጓችሁ ላይ ነው። እጀታው በግራ ትከሻ ማሰሪያ ላይ፣ ምናልባትም በዚፕ በተዘጋ ኪስ ውስጥ ነው። ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣው የገመድ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ተነክቶ እንዳይነፋ ብላችሁ ዘግታችሁት ነበር፤ ከዚያ መክፈት ረሳችሁ። ከእግራችሁ ሥር መሬቱ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ "ልውጣ፣ ልሽሽ" ነው። በስኪ ወደ ጎን ለመቁረጥ ትሞክራላችሁ። ወደቃችሁ። አሁን እጃችሁ የት እንዳለ አታውቁም፤ በረዶው ወደ ኋላ ጎትቶታል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሰከንድ ነው። ፊኛው ራሱ ለመንፋት ሦስት ሰከንድ ይፈልጋል። ለውሳኔ የተረፈችው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ናት።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱ ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው። አንዳንድ ሰው የማይስበው ስለሚያፍር ነው። ናዳው ትንሽ ቢሆንስ? በከንቱ ነፍቼው ሲሊንደሬን ባባክንስ? ጓደኞቼ ፊት ብደነግጥስ? ሲሊንደር ማስሞላት ገንዘብ ያስወጣል፤ በየትኛውም ሱቅም አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ሰው ቦርሳውን ገዝቶ አንድም ጊዜ ሳይስበው ዓመታት ይሸከመዋል። እሳት ማጥፊያ ገዝቶ ግድግዳ ላይ እንደሰቀለ ሰው ማለት ነው። በማራገቢያ የሚሠሩት የመጡት ከዚህ አንጻር ጥሩ ነገር ይዘው ነው። ባትሪው ተሞልቶ እንደገና ይሠራል። ሰው ሳይሰስት ይለማመድባቸዋል።

ሶግስታድ ሳበችው። ለእኔ የዚያ እሁድ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። አላመነታችም።

ተራራው ያን ቀን ዕቃዋን እንዴት እንደፈተነው ደግሞ ተመልከቱ። ናዳው ሲቆም በጀርባዋ ተዘርግታለች፣ ጭንቅላቷ ወደ ቁልቁለቱ ነው። መነጽሯ የለም። የአፍንጫዋ ቀለበት ተነቅሎ ሄዷል። በአንዱ ጫማዋ ላይ ስኪው እንደታሰረ ነው። እግሯን ማንቀሳቀስ አልቻለችም። ናዳ ሲሄድ እንደ ውሃ ነው፤ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ቦርሳው ግን ጀርባዋ ላይ ነበር። ፊኛው ተነፍቶ ነበር። ፊቷ ወደ ሰማይ ነበር።

ቦርሳው ጀርባ ላይ የመቅረቱ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። የእነዚህ ቦርሳዎች የእግር መሀል ማሰሪያ አለ፤ በጭኖች መካከል አልፎ ከወገብ ቀበቶ ጋር ይያያዛል። ብዙ ሰው ስለማይመቸው ይተወዋል። 150 ሊትር ፊኛ በሚንቀሳቀስ በረዶ ውስጥ ወደ ላይ ሲጎትት ያለ እሱ ቦርሳው በጭንቅላት በኩል ሊወልቅ ይችላል። ፊኛው ይተርፋል፣ ሰውየው ይቀበራል።

ሦስቱ ሟቾችም ቢከን ነበራቸው፤ ጓደኞቻቸው በእሱ ምልክት ፈልገው አግኝተዋቸዋል። ቢከን በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ ነው። ከተቀበራችሁ በኋላ ነው የሚሠራው። ያኔ ደግሞ ሰዓቱ ይቆጥራል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከተገኙት ከአሥሩ ዘጠኙ በሕይወት ይወጣሉ፤ 35 ደቂቃ ሲሞላ ከሦስት አንድ ያህል ነው የሚተርፈው። ይህ በአውሮፓ ተራሮች የተጠና ነው። በካናዳ የተጠናው ደግሞ ከናዳ ሟቾች ከአራት አንዱ የሚሞተው በመታፈን ሳይሆን በምት እንደሆነ ያሳያል፤ ከዛፍ ጋር፣ ከድንጋይ ጋር። ለዚያ ኤርባግም ቢከንም መልስ የላቸውም። ጠባብ ቦይ ያለበት ዛፋማ ቁልቁለት የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

በልብስ ውስጥ ስለሚሰፋው ነገርም ላንሳ። የስኪ ጃኬት ስትገዙ እጅጌው ላይ ወይም ኮፍያው ላይ ሬኮ የሚል ትንሽ ምልክት ታገኙ ይሆናል። ውስጡ ባትሪ የሌለው ስስ አንጸባራቂ ተሰፍቷል። በ1973 ስዊድን ኦሬ ላይ በናዳ ጓደኛውን ያጣ ማግኑስ ግራንሄድ የሚባል ስዊድናዊ ነው ሐሳቡን ያመጣው። ነፍስ አድን ሠራተኞች መፈለጊያውን ይዘው ሲመጡ ምልክቱን ይመልሳል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ነፍስ አድኑ እስኪመጣ ድረስ ዝም ይላል። ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ሊያገኛችሁ አይችልም። ስለዚህ የቢከን ምትክ አይደለም።

ይህን የምታነቡት ሲያትል፣ ዴንቨር፣ ኦስሎ ወይም ሙኒክ ከሆናችሁ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት "ስኪ ልንሄድ ነው" ብለው የሚመጡበት ቀን አለ። እኛ ስኪን ያወቅነው አብዛኞቻችን ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ሲገባ ነው፤ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። አትደንግጡ። በስኪ ቦታው ክልል ውስጥ ናዳውን የሚቆጣጠሩት ሠራተኞች ናቸው፤ ልጁ ኤርባግ አያስፈልገውም። ሄልሜት ግን ያስፈልገዋል። የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ ያየ የ2010 የካናዳ ጥናት ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ35 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ሲገዙ ለስኪ የተፈተነ መሆኑን ምልክቱን እዩ፤ በአውሮፓ ኢኤን 1077 ይላል። የብስክሌቱን አታድርጉለት። ጓንት ሁለት ጥንድ ላኩ፤ አንዱ ሁልጊዜ ይረጥባል።

ከክልሉ ውጭ የሚወጣ የቤተሰብ ሰው ካላችሁ ግን ሌላ ነገር ጠይቁት። ቦርሳህን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሳብከው? በሉት። ክረምቱ ሳይገባ ሳሎን ውስጥ አቁሙት። ጃኬቱን፣ ሄልሜቱን፣ ወፍራሙን ጓንት ያድርግ። ዱላውን ይያዝ። ዓይኑን ይጨፍን። ከጎን ገፋ አድርጉትና "ናዳ!" በሉ። እጁ እጀታውን ፍለጋ ይሄዳል ወይስ ይንቦጫረቃል? በቀኝ ብቻ ሳይሆን በግራም ይሞክር፤ ናዳ የትኛውን እጅ እንደሚይዝ አያማክርም። አንድ ጊዜ በእውነት ይንፋው፤ ሲሊንደሩ ለማስሞላት የሚወጣው ገንዘብ ይውጣ። ሶፋው ላይ ብርቱካናማ ፊኛ ሲከፈት ልጆቹ ይስቃሉ። ይሳቁ። እጁ ግን ድምፁን፣ ክብደቱን፣ የሚያስፈልገውን ጉልበት ያውቀዋል። ብዙ ሰው እጀታው ምን ያህል ጠበቅ እንደሚል የሚገርመው ያን ቀን ነው፤ ሳሎን ውስጥ ቢገርመው ይሻላል።

ተነል ክሪክ ላይ ጓደኞቿ ወርደው እስኪደርሱ ድረስ ሶግስታድ ከተያዘችበት አልተንቀሳቀሰችም። ደረቷን በረዶው ተጭኖታል። ነጻ የሆኑት እጆቿ ብቻ ነበሩ። አንደኛው ጓንቱ ሄዷል። ሌላኛው ሮዝ ጓንቱን እንዳደረገ ነው። በሁለቱ እጆቿ ከአፏ ላይ በረዶ እየጠረገች ትተነፍስ ነበር።